«እኛን እኮ ነው!»

ሰሞኑን የምንከታተለው የቤተሰብ ድራማ ምዕራፉ ሲያልቅ ደራሲው ብቅ ብሎ ተመልካቹን አመሰገነ። ያው የተለመደው ነገር ነው ብዬ ሪሞቱን ሳነሳ አክስቴ እጄን ያዘችኝ። «ቆይ እስኪ፣ እኛን እኮ ነው!»

እውነቷን ነው። የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ማታ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ከዚራ ሰፈር አክስቴ ጋ ቴሌቪዥኑ በር ላይ ይወጣና ፊቱን ወደ ግቢ ያዞራል፣ ጎረቤት የየራሱን ዱካ ይዞ ይመጣል። ግማሹ በኦሮምኛ ያወራል፣ ግማሹ በሶማልኛ። ድራማው ሲጀምር ሁሉም ጸጥ።

አንድ ማታ፣ ድራማው ላይ ልጅቷ እውነተኛ አባቷን ልታውቅ ስትል መብራት ሄደ። አክስቴ ሳቢያን ሰፈር ወደምትኖረው ልጇ ደወለች። እዚያ መብራት አለ። ልጇ ስልኳን ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠች፣ አክስቴም የራሷን ስፒከር ላይ አደረገችውና ግቢው ሙሉ ሰው በጨለማ ድራማውን እንደ ሬዲዮ አዳመጠው። «አሁን የገባው ማነው?» ስንል ከማዶ «እናትየው!» እንባላለን። መሃል ላይ ካርዱ አለቀ። ጎረቤት ሞላላት።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲመጣ የውጭ ድራማ በአማርኛ በየቀኑ ይቀርብልን ጀመር፣ እና የአገር ውስጡን ሳምንት ቆጥሮ የሚጠብቅ ይኖራል ወይ ተብሎ ነበር። ይኸው አለ፣ ዱካው ላይ።

እንግዲህ ምስጋናውን ተቀብለናል። ግን አቦ፣ አንድ ነገር እንናገር። ድሬ ድራማ ውስጥ የምትገባው ጫት ቅሞ፣ በየዓረፍተ ነገሩ «አቦ» እያለ የሚያስቅ አንድ ሰው ሆና ነው (እሺ፣ እኔም አሁን ብያለሁ)። አባትና እናት፣ ውርስና ቂም ያለው የድሬ ቤተሰብ አይተን አናውቅም። ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ በባቡር የተሠራ ከተማ ነው፤ ምድር ባቡር ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሲናደድ በፈረንሳይኛ የሚሳደብ አያት በየሰፈሩ ነበር። በ1998 የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ስንቱን ቤት በተነ! የጠፋ ልጅ፣ የጠፋ አባት ታሪክ ለምትፈልጉ እኮ ነው የምነግራችሁ።

አክስቴ እስካሁን «መቼ ነው የሚጀምረው?» እያለች ነው። ካሜራ ይዛችሁ ኑ። ማታ ይሁን፣ ቀን አትችሉትም። ዱካ ግን የየራሳችሁን።