መርጅ ላደረጉን ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው

ባለፈው ረቡዕ ካዛንቺስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ግማሽ ቀን ተሰብስቤ ወጣሁ። ኮራሁ፣ እውነቴን ነው! ሰብሳቢያችን የፈለጉት ሁለት የሥራ ክፍሎች አብረው እንዲሠሩ ነው። በአማርኛ ቢሉት በሁለት ደቂቃ አልቆ እንበተን ነበር። እሳቸው ግን አክብረውን «መርጅ አድርገን፣ ኮምባይን አድርገን፣ ኢንተግሬት አድርገን፣ ኮንሶሊዴት እናደርጋቸዋለን» አሉ። አጨበጨብን።

እንግሊዞቹ ያሳዝኑኛል። ለእያንዳንዷ ቃል ለብቻዋ ቦታ ሰጥተው ይጨነቃሉ። መርጅ ካሉ ሁለቱ አንድ ሆነው ቀሩ፣ የድሮውን ብትፈልገው አታገኘውም። ኮምባይን ከሆነ ግን አብረው ውለውም እያንዳንዱ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ይህን የአርሲ ገበሬም ያውቀዋል፤ ኮምባይነሩ ያጭዳል፣ ይወቃል፣ ያጣራል፣ ሥራው ሦስት ማሽኑ አንድ። ኢንተግሬት ደግሞ አንዱን ትልቁ ውስጥ አስገብቶ ተናበው እንዲሠሩ ማድረግ ነው። ኮንሶሊዴት የተበታተነውን ሰብስቦ ማጠንከር ነው፣ አምስት ትንንሽ ዕዳ አንድ ትልቅ ዕዳ ሲሆን ማለት ነው። (ዕዳው አልቀነሰም፣ ግን ስሙ አማረ።) ሰብሳቢያችን አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ገላገሉን።

ደግሞ እኛ ነን እኮ! «ተዋሕዶ» ማለት ሳይቀላቀሉ መዋሐድ ነው ብለው በአንዲት ቃል ዘመናት የተሟገቱ፣ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አጼ ዮሐንስ ፊት ለጉባኤ የቆሙ ሊቃውንት ልጆች። ማዋሐድ፣ ማቀናጀት፣ ማጣመር፣ መቀላቀል፣ መቀየጥ፣ ማስተባበር… ምን ያደርጋል ይሄ ሁሉ፣ የለመድነው ነው፣ አበልም አያስገኝ። ካዛንቺስ ራሷ ከጣሊያን «ካዛ ኢንቺስ» የመጣች ናት፣ ግን የድሮ ሰው የፈረንጅ ቃል ሲወስድ አላምጦ ነበር የሚውጠው። የዛሬው እንዳለ ይተፋዋል፣ ሥልጣኔ ነው።

ምሳ ሰዓት ሆነ። ጾም ስለነበር ሰብሳቢያችን በያይነቱ አዘዙ። የምስሩ መረቅ ጎመኑን ትንሽ ነክቶት ነበር፣ በቁራሽ እንጀራ ቀስ አድርገው ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ ስፕሪስ ጁስ አሉ፣ አቮካዶ ከታች፣ ማንጎ መሃል፣ ፓፓያ ከላይ። አስተናጋጁ ልጅ ተጣድፎ ነው መሰለኝ ሦስቱንም አንድ ላይ መትቶ፣ ቡናማ ነገር በብርጭቆ አምጥቶ አስቀመጠላቸው።

ሰውዬው ማንኪያውን ጠረጴዛ ላይ ወረወሩት።

«አንተ ልጅ! ስፕሪስ እኮ ነው ያልኩህ! ማን ቀላቅል አለህ?»