ከ10 ስንት ያምዎታል?

ጥቅምት ሲገባ ዲሬ (ድሬዳዋችን) ላይ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ቢምቢና ከሌላ ከተማ ለወንጌልና ለጸሎት የሚመጣ የሚሽን ቲም። ቢምቢዋን ስንረግም ኖረናል። ዛሬ ላመሰግን የመጣሁት ሁለተኛዎቹን ነው። አቦ፣ ለፍቶ የመጣን ሰው ማመስገን እኮ አልለመደብንም!

ባለፈው የመጡት ከአዲስ አበባ ነው። የደንገጎን ተራራ ቁልቁል ተጠማዝዘው፣ ግማሾቹ በፌስታል እያስመለሱ፣ ከተማችንን ሊፈውሱ። ለአራት ቀን። አንዱ ቀን በመንገድ አለቀ፣ አንዱ ሐረር ወጥተው ጅብ በማብላት (ጅቡስ ቢሆን ፍጥረት አይደል?)፣ ግማሽ ቀን ደግሞ ታይዋን ገበያ ሽቶና ጫማ ሲያማርጡ። በተረፈችው ጊዜ ዲሬን ጨረሷት። ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰዋል፣ ጀርባው ላይ «ዲሬ ትፈወሳለች» የሚል። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ስንጸልይ የኖርነው ለካ ቲሸርት ጎድሎን ነው።

የሰዓት አመራረጣቸውንም ሳላደንቅ አላልፍም። ቤት ለቤት የወጡት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የተኛ ውሻ እንኳ ጅራቱን አያነሳም፣ ሰዉም ወይ ሽርጡን አገልድሞ ተጋድሟል ወይ ጫቱ ላይ ነው። ማታ በምስክርነት ሰዓት «ጌታ በሩን ሁሉ ከፍቶ ጠበቀን» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ሙቀት በር ዘግቶ የሚተኛ ማን አለ?

እኔ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬ ዞርኩ። ገንደ ቆሬ ሰፈር አንድ አባት ዘንድ ገባን። ከጸሎት በኋላ «ፈያ?» ብዬ በኦሮምኛ ጠየቅኳቸው፣ ጤና ነዎት ወይ እንደማለት። «ፈያ» አሉኝ። ይሄ ሰላምታ ነው። ሰውየው እግራቸው ተቆርጦም ቢሆን «ፈያ» ነው የሚሉት። መዝጋቢዋ ልጅ ግን «ምን አሉ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። ጻፈች። አንድ።

ከዚያ ወደ ጎረቤታችን እማማ ሄድን። ሦስት ቀን ትኩሳት ይዟቸው ፍራሽ ላይ ናቸው፣ ጉልበትና ወገባቸው አላላውስ ብሏቸዋል። አሥራ ሁለት ሆነን አንዲት ክፍል ውስጥ ገባን። የቲሙ መሪ ጎንበስ ብሎ፣

«እናቴ፣ ከ10 ስንት ያምዎታል?»

«ምኑ?»

«ሕመሙ። ከ10።»

«እኔ ቁጥር የት አውቄ ልጄ። ተቀመጡ፣ ቡና ይፈላ።»

ሰባት ብለው መዘገቡላቸው። ተጸለየ፣ እጅ ተጫነ፣ ተጮኸ። «አሁንስ እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ባላቸው የሞቱ ዕለትም እግዚአብሔር ይመስገን ብለዋል። ልጆቹ ሊወጡ ሲነሱ እማማም ግድግዳ ይዘው ተነሱ። እንግዳ ሳይሸኝ ይወጣል እንዴ? ያኔ ጩኸቱን ብትሰሙ! «ተነሱ! ተራመዱ!» ስልክ ሁሉ ወጣ። እማማ ጉልበታቸውን ጨብጠው እስከ በር ሸኙን።

በሩ ላይ በርሜል አለ። ዲሬ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በርሜል የሌለው ቤት የለም። ቀራጩ ልጅ ስልኩን የበርሜሉ አፍ ላይ ደገፍ አድርጎ ቀረጸ። ክዳን የለውም። ውስጡ እንደ ሰረዝ የቀጠኑ እጮች ወደላይ ወደታች ይላሉ። የደንጊ ትኩሳት በ2006፣ ቺኩንጉንያ በ2011 መጨረሻ ከተማውን ሲያስተኙት ሁለቱንም ያዞረችው በቀን የምትነድፈው ቢምቢ ናት፣ የምትፈለፍለውም እንዲህ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። ቲማችን ግን ፍጥረትን አልረበሸም። በሕሙማን ላይ እጅ ጫኑ እንጂ በርሜል ላይ ክዳን አልጫኑም። እኔም አልጫንኩም፣ ቀረጻው እንዳይበላሽ።

አንዷማ ስትወጣ ለማንኛውም ብላ ከቦርሳዋ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሰጠቻቸው። ጤና ጣቢያ «ደንጊ ሊሆን ይችላልና እንደ ዲክሎፌናክ ያለው ደም ያስፈስሳል፣ ፓራሲታሞልና ፈሳሽ ብቻ» ብለዋት የተመለሰችው ልጃቸው ቀምታ ኪሷ ከተተች።

እንዳትሳሳቱብኝ፣ እኔም በጸሎት አምናለሁ፣ ስታመምም አስጸልያለሁ። ግን ጌታ ለምጻሙን ሲፈውሰው ለማንም አትናገር፣ ሄደህ ራስህን ለካህን አሳይ ነበር ያለው። መጀመሪያ አስመርምር እንደማለት። ያኔ ስልክ ስላልነበረ ይሆናል።

የዚያን ዕለት ሌሊት እማማ ባሰባቸው። የአጥቢያችን ወንጌላዊ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወስዷቸው እስኪነጋ ከጎናቸው ተቀመጠ። ቪዲዮው ላይ የለም። ቲሸርት አልደረሰውም።

ስንብት ላይ ሪፖርት ቀረበ። 63 ሰው ተፈውሷል። አጨበጨብን።

በሳምንቱ የቲሙ መሪ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ትኩሳት፣ ከዓይኑ ኋላ የሚወጋ ራስ ምታት፣ መገጣጠሚያው ሁሉ።

«ወንድሜ፣ እዚያ እናንተ ጋ ይሄ ነገር ምንድነው የሚባለው?»

«ከ10 ስንት ያምሃል?» አልኩት።

ዝም አለ። ነውር መሰለኝና ቶሎ ብዬ «ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ?» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለኝ።

64።