ወፏ ሃምሳ ዓመት ትኖራለች፣ ልጁ በሦስት ዓመት ይሄዳል

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የሰማሁት ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። አንድ አባት ደወሉ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጃቸው ትልቅ በቀቀን ግዙልኝ እያለ ስላስቸገራቸው ምክር ፈለጉ። የፕሮግራሙ እንግዳ ለአፍታም አላመነቱ። «ይግዙለት እንጂ! ኃላፊነት ይማርበታል። ደግሞም ከውሻ ይቀላል። ማናፈስ የለ፣ ማዞር የለ፤ እህልና ውሃ ሰጥቶ መሄድ ነው» አሉ። አዘጋጁ «ግሩም ሐሳብ» ብሎ ወደ ሙዚቃ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ያነሳሁበት ሰው ሁሉ ያንኑ ይመልስልኛል። ኃላፊነት ይማርበታል፣ ከውሻ ይቀላል። የሰሙትን ሳያላምጡ መድገም የበቀቀን ሥራ ይመስለኝ ነበር።

«ከውሻ ይቀላል» ከሚለው ልጀምር፤ ከሁሉም የሚያሳፍረው እሱ ነውና። ሰጥቶ መሄድ? በቀቀን በዱር የምትኖረው በመንጋ ነው። ጓደኛዋ ከዓይኗ ሲሰወርባት ትጣራለች፤ መልስ እስክታገኝ ትጣራለች። ቤት ውስጥ መንጋዋ እናንተ ናችሁ። በር ዘግታችሁ ስትወጡ የምትጣራው እናንተን ነው። ከበቀቀን ዘሮች የትልቅ ማካው ወይም የኮካቱ ጩኸት ደግሞ በድምፅ መለኪያው ከ100 ዴሲቤል በላይ ይወጣል። ጎህ ሲቀድ አንድ ዙር፣ ሊመሽ ሲል አንድ ዙር፤ ይህ እንግዲህ የጤነኛዋ ነው። ብቸኝነት የያዛት ቀኑን ሙሉ ልትጮህ ትችላለች። ሲብስባት በገዛ መንቁሯ ላባዋን ትነጫለች። ውሻ ሲሰለቸው ጫማ ይበላል። በቀቀን ራሷን ትበላለች።

«እህል ሰጥቶ» የሚለውም ቢሆን ባዶ ወሬ ነው። ደረቅ ፍሬ ብቻ የምትበላ በቀቀን ቫይታሚን ኤ ያጥራታል። ግራጫዋ የአፍሪካ በቀቀን ካልሲየም ሲያንሳት ያንዘፈዝፋታል። አቮካዶ ሊገድላት ይችላል። ባዶውን እሳት ላይ የተረሳ ምግብ የማያጣብቅ የቴፍሎን መጥበሻ የሚያወጣው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳታል። መጥበሻ ጥዶ ስልኩ ላይ የተደፋ ጎረምሳ አይታችሁ አታውቁም? እኔ ቤት አንድ አለ።

የእኔ ዋና ጉዳይ ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ሒሳብ ነው፤ ያውም መደመር ብቻ።

ግራጫዋ በቀቀን በደንብ ከተያዘች 40፣ 50 ዓመት ትኖራለች። ከትልልቆቹ ማካዎች 50ን የሚሻገሩ አሉ። ቺካጎ አጠገብ በሚገኘው በብሩክፊልድ የእንስሳት ማቆያ የነበረው ኩኪ የተባለ ኮካቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሞት 83 ዓመቱ ነበር። በግዝፈቱ እንኳ ከትልልቆቹ የሚመደብ አልነበረም። እንግዲህ ደምሩ። ልጁ 15 ነው። 50 ጨምሩበት፤ 65። ወፏ ስትሞት የሚቀብራት ሽማግሌ ነው።

አሁን ደግሞ በመሀል ያለውን ቁጠሩ። በ18 ዓመቱ ለትምህርት ይሄዳል፤ ክፍሉን ከማያውቀው ልጅ ጋር ይጋራል። እዚያ በቀቀን አይገባም። ይመረቃል፣ ሥራ ይፈልጋል፣ ጠባብ ቤት ይከራያል። አከራይዋ ጩኸቱን አንድ ሳምንት ቢታገሱት ጥሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ያፈቅራል። ያፈቀራትን ልጅ ወፏ ትነክሳታለች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በቀቀን አንድ ሰው መርጣ ሌላውን እንደ ባላጋራ እንደምታይ አብሯት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ጠንካራ የለውዝ ቅርፊት የሚፈረካክስ መንቁር ደግሞ ጣት አይምርም። ከዚያ ልጅ ይወልዳል። ከዚያ ሌላ ከተማ፣ ምናልባትም ሌላ አገር። እዚያ ቤት ካሉት ሰዎች ሁሉ መሄዱ የተረጋገጠው ማን ነው? እሱ ነው! ወፏን ለማንም ስጧት፤ ለአያቱም ቢሆን። አያት ቢያንስ ቤት ይውላሉ።

እንዲሄድም አይደል የምናሳድገው? ይሂድ። እሰየው። ግን እንደሚሄድ እያወቅን፣ አንድ ሰው መርጣ የምትኖር ፍጡር ለዚያው ለሚሄደው እንሰጣለን። ይህ ሞኝነት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሰዓቱም ከዚህ የባሰ ሊገጥም አይችልም። ትልልቅ በቀቀኖች ለመራባት የሚደርሱት ባብዛኛው ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ጫጩት ሳለች ትከሻ ላይ የምታንቀላፋው ወፍ ያኔ ትነካከሳለች፣ ታኮርፋለች፣ ትቆጣለች። በ15 ዓመቱ ጫጩት የተገዛለት ልጅ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ የወፏ ጉርምስና ይጀምራል ማለት ነው። የሁለቱንም ጉርምስና አንድ እናት ትሸከማለች።

«ኃላፊነት ይማርበታል» ላሉት እንግዳም አንድ ቃል አለኝ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ልጅ ማቡካት ይልመድ፣ እኔም አልቃወምም። ግን የሚለማመደው በዱቄት ነው፤ ነፍስ ባለው አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አይሪን ፔፐርበርግ ለ30 ዓመት ያጠናችው አሌክስ የተባለው ግራጫ በቀቀን 50 ያህል ዕቃ በስም ይጠራ፣ ቀለምና ቅርጽ ይለይ፣ እስከ ስድስት ይቆጥር ነበር። ይህን ያህል የሚገባው ፍጡር የልጅ መለማመጃ ደብተር ነው? ኃላፊነት ከተፈለገ ካልሲውን ይጠብ። ካልሲ ቢረሳ አይነጭም።

እሺ፣ ከአዋቂ የሚሻል ጎረምሳ አለ። ገዝቶ የሚጥል አዋቂም ሞልቷል። አላከራክርም። ወላጆች «ወፏ የእኛ ናት፣ ልጁ ያግዘናል» ብለው፣ የሃምሳውን ዓመት ሒሳብ በራሳቸው ስም ከያዙትም ዝም እላለሁ። የደወሉት አባት ግን የጠየቁት ይህንን አልነበረም።

አንድ ወዳጄ ቤት ልጇ በ14 ዓመቱ የተገዛችለት ግራጫ በቀቀን አለች። ልጁ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ሄጄ ሳሎን ቁጭ ብለን ስንጫወት፣ ከውስጠኛው ክፍል የወዳጄ ድምፅ መጣ። «ተነስ! ረፈደብህ እኮ!» ወዳጄ ግን አጠገቤ ተቀምጣለች፤ አፏ አልተንቀሳቀሰም። ልጇን ጠዋት ጠዋት የምትቀሰቅስበት ድምፅ ነው። ትንሽ ቆይቶ የልጁ የድሮ ስልክ ጮኸ፤ አሁን የሌለ ስልክ። ወፏ ደወለች፣ ራሷ አነሳችው። «ሄሎ» አለች፤ በልጁ ድምፅ።

ገብቼ አየኋት። ከአንገቷ በላይ ያማረች ወፍ ናት። ደረቷ ግን የተነጨ ዶሮ ነው፤ ሐምራዊ፣ ሽፍታ የወጣበት። የሽቦ ቤቷ ወለል ላይ ግራጫ ላባ ተበትኗል። የእንስሳት ሐኪም ጋ አልወሰድሻትም ወይ አልኳት። ሁለቴ ወስጃታለሁ አለችኝ። ቆዳዋ ላይ በሽታ የለም ብለዋት መልሰዋታል።

ልጁ እሁድ እሁድ ይደውላል። ወዳጄ ስልኩን ይዛ ጓሮ ትወጣና በሩን ከኋላዋ ትዘጋለች። ወፏ ድምፁን ከሰማች እስኪመሽ ዝም አትልም።