ለነዋሪው ደስታ ሲባል ማልቀስ ክልክል ነው

የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሰሞኑን በየብሎኩ መግቢያ አንድ ወረቀት ለጥፏል። ከእንግዲህ በግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን አይተከልም። ሐዘን የደረሰበት ነዋሪ በቀብሩ ቀን ብቻ እቤቱ ሰው ይቀበል። ከዚያ በላይ ካማረው ውጭ አዳራሽ ይከራይ። ምክንያቱም ተጽፏል፦ «ለነዋሪዎች ደስታና ምቾት ሲባል»።

ምቾት ብቻ ቢሉ ዝም ባልኩ። ስለ መኪና ማቆሚያ ቢያነሱ፣ ስለ ሞንታርቦ ቢያወሩ እኔም እጄን አወጣ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በድምፅ ማጉያ መቀስቀስ ለማንም አይጥምም። ያበሸቀኝ ደስታ የምትለዋ ቃል ናት።

ኮሚናሉስ ትሉ ይሆናል። ኮሚናል የተሠራው ለዚሁ ነበር፤ በግ ሊታረድበት፣ ሠርግ ሊደገስበት፣ ለቅሶ ሊቀመጡበት። የኛ ግን ለጂም ተከራይቷል። አሁን እዚያ ሰው ከፍሎ ብረት ያነሳል። ጡንቻውን አሳምሞ፣ ላቡን አንጠፍጥፎ፣ ደስ ብሎት ይወጣል። እኔም አንድ ሁለት ወር ሞክሬዋለሁ፤ ክፋት የለውም። ግን በገንዘባችን ለገዛነው ሕመም አዳራሽ ሰጥተን፣ ሳንጠራው ለሚመጣው ሕመም ቦታ የለም ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ውሳኔው በተላለፈበት ስብሰባ ላይ ብዙ ተብሏል። ልጆች ሞትን ማየት የለባቸውም ተባለ። ልጆቻችን በስልካቸው በቀን ስንት ሞት እንደሚያዩ የሚያውቅ ወላጅ ይህን ሲል አለማፈሩ ገርሞኛል። እነሱ ያላዩት ሞትን አይደለም። ሰው ከሞተ በኋላ የቀሩት እንዴት አብረው እንደሚቀመጡ ነው ያላዩት።

ከሁሉ የባሰው ግን አንድ ጎረቤቴ ተነስቶ ያለው ነው። በዓለም አንደኛዋ ደስተኛ ሀገር ፊንላንድ ናት፤ እዚያ ድንኳን የለም፣ ሙሾ የለም፣ ሕይወት ይቀጥላል አለ። ተጨበጨበለት!

እስቲ ፊንላንድን እንያት። በዓለም የደስታ ሪፖርት ከ2018 እስከ 2025፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በየዓመቱ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። ይህ እውነት ነው። ደረጃው የሚወጣው ሰዎች ሕይወታቸውን ከ0 እስከ 10 ባለው መሰላል ላይ የት እንደሚያስቀምጡት ተጠይቀው ነው። የሪፖርቱ አዘጋጆች የሀገራትን ልዩነት ለማስረዳት ከሚያነሷቸው ስድስት ነገሮች አንዱ ምን መሰላችሁ? ችግር ሲደርስብህ የሚደርስልህ ሰው አለህ ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ድንኳኑ እኮ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው! ሸራ፣ ወንበርና ሳህን ሆኖ የተተከለ መልስ። እኛ ነቅለን ልንጥለው ነው፤ ለደስታ ሲባል።

ደግሞስ ፊንላንዶች ሙታናቸውን ረስተው ነው ደስ ያላቸው ያለው ማን ነው? በገና ዋዜማ ቤተሰብ ተሰብስቦ ወደ መቃብር ይሄዳል። በረዶ ላይ ሻማ ያበራል። የዓመቱ ትልቁ የደስታ በዓል የሚጀመረው መቃብር ዘንድ ሄዶ ነው። ጎረቤቴ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ሀገር ይፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት እናቴ ስትሞት ድንኳኑ የተተከለው እዚሁ ነበር፤ ወረቀቱ ከተለጠፈበት በር ፊት ለፊት። የመጀመሪያውን ቀን ብዙም አላስታውሰውም። ያመጣልኝ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ትከሻዬን የያዘኝን ሰው ግን አስታውሳለሁ። በውሃ ፈረቃ ተጣልተን ስድስት ወር ሰላም ያልተባባልን የሦስተኛ ፎቅ ሰውዬ ነበር። ስለ ውሃው አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። እስከ ዛሬም አልተነሳም።

እቤታችን ምድጃ አልተለኮሰም። እንጀራው ከየብሎኩ መጣ። ማታ ወንዶቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ አደሩ። ካርታው ለጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ለቅሶ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ሐዘንተኛው ሌሊት ባንኖ ሲወጣ የነቃ ሰው እንዳያጣ ነው። እኔም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ነቅተው ነበር። «ና፣ አንድ ሰው ጎሎናል» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን የእድሩ ጸሐፊ እናቴን አነሳት። አንድ ጊዜ ከቀብር ቀርተሻል ብሎ ሊቀጣት ሲል የሆነውን። የቀረችው ሌላ ቀብር ላይ ስለነበረች ነው። «ሁለቱም ባንድ ቀን የሞቱት እኔ መክሬያቸው ነው?» ብላ መዝገቡን ከእጁ ቀምታዋለች። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እንባዬና ሳቄ ተደባልቆ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ። ያን ጊዜ ነው ይህን እንደምችለው የገባኝ። ሐዘኑ አልቀነሰም። ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ደስታ ሁሉ፣ የልጄ መወለድ ጭምር፣ ሐዘኑን ሳይፈራ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። አዳራሽ ብከራይ ኖሮ የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ይመጣ ነበር? አይመስለኝም። ድንኳኑን ደጃፉ ላይ ስላየው ነው የመጣው፤ ማለፊያ ስላጣ።

አማርኛችንም ይህን ያውቃል። ለቅሶ «ይደረሳል» እንላለን። ለጭንቅም «ደረሰልኝ» እንላለን። አንድ ቃል ነው። ሐዘን እስኪያልፍ ከሩቅ አይጠበቅም፤ ሄደው ይደርሱታል።

ኮሚቴው ግን ሌላ ትምህርት ቤት የተማረ ይመስላል። ደስታ ምርጫ ነው፣ ከሚያለቅስ ሰው ራቅ የሚለው የአነቃቂዎች ስብከት ወርዶ ወርዶ የግቢ ደንብ ሆኗል። እሺ፣ ልራቅ። ከጎረቤቴ እናት ሞት ራቅሁ እንበል። ከራሴ እናት ሞትስ በየት በኩል ልሽሽ? በጀርባ በር? የጀርባው በር ተቆልፏል፤ እሱንም የቆለፈው ኮሚቴው ነው።

ይህ የሀገር ቤት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን መርዶ የሚያረዱት ተጠራርተው፣ ተሰብስበው፣ በር አንኳኩተው ነው። የበሉበትን ሀገር ልማድ ሁሉ ሲቀበሉ ይቺን አልለቀቁም። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ግን የአባቷን ሞት በስልክ ሰምታ ልብስ መተኮሷን ትቀጥላለች። ማንም አያይባትም፣ ማንም አይረበሽባትም። ኮሚቴያችን የሚመኝልን ጸጥታ እሱ ነው። እስቲ ደስ ብሏት እንደሆነ ጠይቋት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ደቂቃ የሚቆጥር አሠሪ 3 ቀን ሲፈቅድ ጎረቤት 1 ቀን ይበቃሃል ይላል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ታዕዚያ ሦስት ቀን ይቀመጣሉ። እኛም ሠልስት አለን። ለመሆኑ አንድ ቀን ከየት የመጣ ቁጥር ነው?

ተዝካሩ በዝቷል፣ በብድር የሚደገስ አለ የምትሉ ልክ ናችሁ። እሱን ቀንሱት። በሬውን አስቀሩ፣ ሞንታርቦውን አስቀሩ። ድንኳኑን ግን አትንኩ። ለቅሶ የማይደራረስ ግቢ ለሠርግም አይጠራራም። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ የለኝም፤ ግን አምናለሁ።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ እንደገና ስብሰባ አለ። ጠዋት ስወጣ አየሁት፤ ወረቀቱ ላይ፣ ከማኅተሙ ሥር፣ አንድ ሰው በእስክሪብቶ «ታዲያ የት እናልቅስ?» ብሎ ጽፎበታል። ጽሕፈቱ የኔ አይደለም። የኔ ቢሆን ደስ ባለኝ።