ማይክሮስኮፕ የባዮሎጂ ብቻ ንብረት አይደለም

«ማይክሮስኮፕ ውድ ነው፣ ይሰበራል፤ ተማሪው በቪዲዮ ቢያየውም ያው ነው።» ሰሞኑን ስለ ዲጂታል ቤተ ሙከራ በተደረገ ውይይት ላይ አንድ የትምህርት ኃላፊ የተናገሩት ነው። አዳራሹም አጨበጨበ። ያው አይደለም።

«ይሰበራል» የምትለዋን እናስቀድም። ስክሪን አይሰበርም? በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የሚያስታውስ ሰው ይህን ለመናገር አፉ እንዴት ታዘዘለት? መብራት ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄድ ነበር። ያልገባው ተማሪ ቴሌቪዥኑን «ይድገሙልኝ» አይለው ነገር፤ መምህሩም ከማብራትና ከማጥፋት ያለፈ ድርሻ አልነበረውም። ከሥሩ መስታወት ያለው የድሮ ማይክሮስኮፕ ግን መብራት ኃይልን ደጅ አይጠናም። የመስኮት ብርሃን ይበቃዋል (ቀጥታ ፀሐይ አይሆንም፣ ዓይን ያጠፋል)። በ13 ወር ፀሐያችን ቱሪስት ስንጠራበት ኖረን፣ ብርሃንን ለማስተማር የኤሌክትሪክ ተራ እንጠብቃለን!

የባሰው ጥፋት ሌላ ነው። በየትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ የሚታወቀው በባዮሎጂ ነው። ዕድለኛው ተማሪ ተሰልፎ የሽንኩርት ልጣጭ ለአፍታ ያያል። ቀጥሎ የፊዚክስ መምህሩ ይገባና ሰሌዳ ላይ ሌንስ ይሥላል፣ ጨረሮች ያሰምራል፣ «ምስሉ የተገለበጠ ነው» ብሎ ያስጽፋል። የተገለበጠውን ምስል ያየው ማን ነው? ከጋዜጣ ላይ «ሐ»ን ቆርጣችሁ ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጉት፤ «ሠ» መስሎ ይታያችኋል። ስላይዱን ወደ ቀኝ ስትገፉት ምስሉ ወደ ግራ ይሸሻል። ይህን በገዛ እጁ የሞከረ ልጅ ምን ይሸመድዳል?

ስለ ዘይቷ ጠብታ ሳልናገር ግን አላልፍም። በጤና ጣቢያ ወባ የሚመረምር የላብራቶሪ ባለሙያ ናሙናውን በጊምሳ ቀለም ካቀለመ በኋላ አንዲት ጠብታ ዘይት ጣል ያደርግና መቶ እጥፍ የሚያጎላውን ሌንስ ከዘይቱ ጋር ያገናኛል። ዘይቱ ለምን አስፈለገ? የአንድ ሙሉ ምዕራፍ ፊዚክስ እዚህች ጥያቄ ውስጥ አለ። ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ይታጠፋል፤ ከ41 ዲግሪ ገደማ በላይ አጋድሎ የመጣው ጭራሽ አይወጣም፣ ተንጸባርቆ ወደ መስታወቱ ይመለሳል። ዘይቱ ግን ብርሃን የማጠፍ አቅሙ 1.515 ነው፤ ከመስታወቱ ጋር እኩል ለእኩል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያጋደለው ጨረር ሳይታጠፍ አልፎ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ረቂቁን ነገር የሚለይልን ደግሞ ይኸው ያጋደለ ጨረር ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በ1873 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ማይክሮስኮፕ የተጠጋጉ ሁለት ነጥቦችን መለየት የሚችልበትን ወሰን የሚያበጁት የብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና ሌንሱ የሚቀበለው የጨረር ስፋት ናቸው። 550 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ለሆነ አረንጓዴ ብርሃን፣ በተለመደው የዘይት ሌንስ ወሰኑ 220 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ያነሰውን የቱንም ያህል ብታጎሉት የሚገዝፈው ብዥታው ነው። ተማሪው በዚያው ሌንስ ያለ ዘይት ሲያይ ምስሉ ይደበዝዝበታል፤ ጠብታዋን ሲጨምር ይጠራለታል። ቪዲዮ ይህን ያሳየዋል እንበል። ያደበዘዘውም ያጠራውም ግን እሱ አይደለም፤ ጣቱም ማስተካከያውን አላዞረም። እናቱ አተኩሷት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ምርመራዋ በብርሃን መታጠፍ ሕግ ላይ መቆሙን ማንም ሳይነግረው አድጎ፣ «ፊዚክስ ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ቢሸሽ በማን ይፈረዳል?

ቪዲዮ ለፕላኔቶች ይሁን፤ ጁፒተርን ክፍል ውስጥ ማስገባት አንችልም። ለሌንስ ግን ሰበብ ነው። «ውድ ነው» የሚለውም ቢሆን አያስኬድም። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ፎልድስኮፕ ከወረቀት ታጥፎ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ነው፤ የዕቃዎቹ ዋጋ ያኔ 1 ዶላር አይሞላም ነበር። የዘይት ሌንስን አይተካ ይሆናል፤ የሽንኩርት ልጣጭን አጉልቶ ለማሳየት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ደግሞስ ያሉትን መቼ ተጠቀምንባቸው? ሞዴል 22 (የንብረት ማውጫ ቅጽ) ፈርሞ ማይክሮስኮፕ ያወጣ መምህር አንድ ሌንስ ቢጫርበት ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ይሰጋል። ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፤ እኔም ብሆን እቆልፋለሁ። ኃላፊው ስለ መሰበር ከልባቸው ካሰቡ በተማሪ እጅ ለሙከራ ሲውል የተሰበረ ዕቃ በመምህሩ ዕዳ እንዳይያዝ ይወስኑ፤ የፊዚክስ መምህሩም የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ይሰጠው። ይህ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ደብዳቤና ማኅተም ነው።