ሰላም ሳትሉ ካሜራ የምትደግኑ ሰዎች፣ እባካችሁ!

ወገን፣ ይሄን ሳልተነፍስ ባድር ያመኛል።

ዛንዚባር የአዲስ አበባ ሰው የጫጉላ ሽርሽር መሄጃ ሆናለች። ደስ ይላል፣ ሂዱ። ባሕሩም አሸዋውም እንደተባለው ነው። የኔ ብሶት ከሆቴሉ አጥር ወጥተው መንደር የገቡ ዕለት ካሜራ ይዘው የሚያብዱት ላይ ነው።

በምሥራቁ ዳርቻ ፓጄና ጃምቢያኒ የሚባሉ መንደሮች አሉ። እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ ቀልድ አይደለም። ውኃው ኪሎ ሜትር ያህል ጥሎ ይሄዳል። ያኔ ሴቶቹ የባሕር አረም ሊያለሙ ይወርዳሉ፤ እነሱ ምዋኒ ይሉታል። ችካል ይተክላሉ፣ ገመድ ይወጥራሉ፣ ገመዱ ላይ ቁራጭ ቁራጩን ያስራሉ። ጎንበስ እንዳሉ ነው የሚውሉት። ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ውኃው እየሞቀ ሲመጣ አልበቅል ብሏቸው፣ አሁን የቀራቸው በአብዛኛው ርካሹ ነው። የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ማወፈሪያ የሚወጣው ከዚሁ አረም ነው። ደግሞ ባሕሩ ተመልሶ እስኪመጣ ነው ያላቸው ጊዜ።

ታዲያ ሰውዬው ይመጣል። ሰላም የለ፣ እንደምን ዋላችሁ የለ። ሌንሱን ደግኖ ገመዶቹ መሃል ይገባል። አንዱን በዓይኔ አየሁት። ጥሩ አንግል ላግኝ ብሎ ወደ ኋላ ሲሸሽ የታሰረውን ምዋኒ በእግሩ ጨፈላለቀው። ሴትዮዋ ቀና ብላ ተናገረችው። አልሰማም። የለበሰችውን ጨርቅ፣ ካንጋዋን ስባ ፊቷን ሸፈነች። እሱንም ቀጭ ቀጭ አድርጎ አነሳው! ማታ እራት ላይ "አይናፋርነቷን እዩልኝ" እያለ ሲያሳይ ነበር። አይናፋርነት አይደለም ወንድሜ፣ ሂድልኝ ነው ያለችህ።

ሰሜን ጫፍ ላይ ኑንግዊ አለ፤ የእንጨት ጀልባ እስከዛሬ በእጅ የሚሠራበት። ጠዋት ዓሣ በጨረታ ይሸጣል። እዚያ ደግሞ ጨረታው መሃል ገብቶ "ትንሽ ዞር በሉልኝ" የሚል አይጠፋም። አንዱ ዓሣ አጥማጅ የአርሰናል ማሊያ ለብሷል። የኛ ሰው አስጎብኚውን "አውልቅ በልልኝ፣ ናቹራል አይመስልም" አለው። ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ በመብራት ዓሣ ሲያጠምድ ያደረው እኮ በዚያው ማሊያ ነው! ከዚህ በላይ ናቹራል ከየት ይምጣ? (ማንቸስተር ለብሶ ቢሆን እኔም አውልቅ እለው ነበር። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

የባሰ የሚያበግነኝ ይህን የምናደርገው እኛ መሆናችን ነው። የ77ቱ ረሃብ ፎቶ እስከዛሬ ስማችን ላይ ተለጥፎ የቀረ ሰዎች! ፈረንጅ ኦሞ ወርዶ ሰውን እንደ ዕቃ ደርድሮ ሲያነሳ ኮመንት ላይ የምንፎክረው እኛው ነን። ዛንዚባር ስንደርስ "ምንም የላቸውም ግን ደስተኞች ናቸው" ብለን እንፖስታለን። ማን ነገረህ? ጠየቅካቸው? ስለ ምዋኒ ዋጋ አንስተህባቸው ቢሆን ደስታቸውን በሰማህ።

"ስዋሂሊ አልችልም" አትበሉኝ። ለትልቅ ሰው "ሺካሞ" ይባላል፣ አለቀ። ይቺን ለመሸምደድ ከቦሌ እስከዚያ ያለው በረራ ይተርፋል። ከዚያ ካሜራውን ከፍ አድርጎ ማሳየት ነው። እሺ ካሉ አንሱ፤ እጃቸውን ካወዛወዙ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት።

ደፍረው ትንሽ ገንዘብ የጠየቁት ዕለትማ ጉድ ነው። "ቱሪስት አበላሻቸው" ብሎ ፊቱን ያጨማድዳል። ይሄን የሚለው እኮ ለአንድ ኮክቴል የአንድ ቀይ ስናፐር ዓሣ ዋጋ ጭጭ ብሎ የከፈለው ሰውዬ ነው።