የመርፊስ ሆቴልና የመዝገቡ እንግዳ

ካሊፎርኒያ ውስጥ መርፊስ በምትባል ትንሽ ከተማ ስላለው ስለ መርፊስ ሆቴል የጻፋችሁትን አነበብኩ። ጥሩ ነው፤ ግን «በ1856 እ.ኤ.አ. ተከፈተ» ብላችሁ በአንዴ ዛሬ ላይ ዘላችሁ። ጨዋታው ያለው እኮ መሃል ላይ ነው!

የከፈቱት ስፔሪና ፔሪ የሚባሉ ሁለት ሸሪኮች ናቸው። ዘመኑ የወርቅ ፍለጋ ዘመን ቢሆንም፣ እንግዳው ሁሉ ወርቅ ፈላጊ አልነበረም። 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ያሉትን ግዙፍ የሴኮያ ዛፎች ለማየት የሚመጣም ብዙ ነበር። ያን ሁሉ ሰው የፈረስ ሰረገላ አቧራ አልብሶ በሩ ላይ ያራግፈዋል። በ1859 ከተማዋ ስትቃጠል ሆቴሉም አብሮ ነደደ፤ በ1860 እንደገና ተሠራ። የድንጋዩ ሕንፃ በርና መስኮት የብረት መዝጊያ አለው። ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ እሳት ሲነሳ ጥርቅም ተደርጎ የሚዘጋ ነው።

የእንግዳ መዝገቡን ደግሞ ጭራሽ አላነሳችሁትም። ቻርልስ ቦልተን የሚል ስም አለበት ይባላል። ሰውየው በቅጽል ስሙ ብላክ ባርት የሚባለው ሽፍታ ነው፤ ከ1875 እስከ 1883 የዌልስ ፋርጎን (ወርቅና ገንዘብ የሚያጓጉዝ ኩባንያ ነው) ሰረገላዎች 28 ጊዜ ያህል የዘረፈው። ሽፍታ ሆኖ ፈረስ የለውም፣ በእግሩ ነው የሚሄደው። ሲዘርፍ አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሰም። ያስያዘችው መሀረቡ ናት። በመጨረሻው ዘረፋ ጥሏት ሲሮጥ፣ ላውንደሪ ቤቱ ያደረገባት ምልክት ተገኘ። መርማሪዎች የሳን ፍራንሲስኮን ላውንደሪ ቤቶች አንድ በአንድ አዳርሰው ደረሱበት።

እስቲ ቀጥሎ ስትጽፉ የመዝገቡን ፎቶ ለጥፉልን።